ያገለገለ የሙዚቃ መሣሪያን በኢንተርኔት ለግለሰብ መሸጥ፦ ከምርመራ እስከ ርክክብ ዝርዝር መመሪያ

ማስታወቂያው ከወጣ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላው የመጀመሪያው መልእክት ይደርሳል፤ «አለ?» ይላል። «አዎ፣ አለ» ብለው ሲመልሱ «የመጨረሻው ስንት ነው?» የሚል ይከተላል፤ ጠያቂው መሣሪያውን አላየም፣ ድምፁን አልሰማም፣ ማስታወቂያውንም እስከ ታች አላነበበም። ዋጋውን ደግመው ሲነግሩት ድምፁ ይጠፋል። ሌላው ግማሽ ዋጋ አቅርቦ «አሁኑኑ ልምጣ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ነገ አራት ሰዓት እደርሳለሁ» ስላለ በር በሩን ሲያዩ ይውላሉ። ያገለገለ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ አምፕሊፋየር ወይም ማይክሮፎን በኢንተርኔት ለግለሰብ ለመሸጥ የሞከረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

እኔም ለዓመታት መሣሪያ ስገዛና ስሸጥ በዚሁ ነገር ስማረር ኖሬአለሁ። ከብዙ ድካም በኋላ የተረዳሁት ግን ሻጩን ከሚያማርሩት ነገሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ማስታወቂያው ላይ ሳይነገር ከቀረ ነገር መሆኑን ነው። ያልተናገሩት ጭረት በርክክብ ቀን የዋጋ መቀነሻ ይሆናል፤ ያልጻፉት የክፍያ መንገድ የሁለት ቀን ክርክር ያመጣል፤ ያልመረመሩት ቁልፍ ከሳምንት በኋላ «ገንዘቤን መልስልኝ» የሚል መልእክት ሆኖ ይመለሳል። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ደረጃዎች በአብዛኛው ገዢ ከመገኘቱ በፊት የሚሠራውን ሥራ የሚመለከቱት ስለዚህ ነው።

የሙዚቃ መሣሪያ ከሌላ ዕቃ የሚለይበት ነገርም አለው። ሁለት ጊታሮች በአንድ ፋብሪካና በአንድ ዓመት ተሠርተው፣ አንዱ ለእጅ የሚመች ሌላው የሚያስቸግር ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱም በፎቶግራፍ አይታይም። ገዢው በጣቱና በጆሮው ሊፈትነው የሚገባውን ነገር በኢንተርኔት የሚያገኘው በዓይኑ ብቻ ስለሆነ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ያ ጥርጣሬ ነው ማለቂያ በሌለው ጥያቄ፣ በወረደ ዋጋና ደብዛን በማጥፋት የሚገለጠው።

1ኛ፦ በእርግጥ ለግለሰብ መሸጥ እንደሚያዋጣዎት ይወስኑ

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሱቅ የሚሰጥዎት ዋጋ ከግለሰብ ገዢ ዋጋ ማነሱ አይቀርም፤ ሱቁ መሣሪያውን ማደስ፣ ማስቀመጥ፣ ኃላፊነት መውሰድና ማትረፍ አለበትና። በዚያው ልክ ግን በአንድ ቀን ይገላገላሉ። ዋጋው አነስተኛ የሆነ ዕቃ፣ ለምሳሌ ኬብል ወይም የማይክሮፎን ማቆሚያ፣ ለሃያ ሰው መልስ የሚጻፍበት አይደለም፤ ከዋናው መሣሪያ ጋር አብሮ ቢሸጥ ይሻላል። ገንዘቡ በዚህ ሳምንት የግድ የሚያስፈልግዎት ከሆነም ለግለሰብ ለመሸጥ አይነሡ፤ የሻጭ ችኮላ ከመልእክቱ አጻጻፍ ይታወቃል።

2ኛ፦ መሣሪያውን እንደ ገዢ ይመርምሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። «ትናንት ስጫወትበት ነበር፣ ምንም የለበትም» የሚለው ሻጭ መሣሪያውን የሚያውቀው በራሱ ልማድ ነው፤ የማይጠቀምበትን ቁልፍ ወይም የማይደርስበትን ፍሬት (በጊታር አንገት ላይ በአግድም ከተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱን) አያውቀውም። ገዢው ግን መጀመሪያ የሚነካው እሱኑ ነው።

ጊታር ወይም ቤዝ ከሆነ ከአንገቱ ይጀምሩ። መሣሪያውን ከቃኙ በኋላ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ይጫኑት፤ በመካከል፣ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ፍሬት ላይ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት በአብዛኛው ከ0.25 ሚሊሜትር ብዙም መራቅ የለበትም። ክፍተቱ ከሰፋ አንገቱ ወደ ፊት ጎብጧል፤ ጨርሶ ከሌለ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። ሁለቱም በአንገቱ ውስጥ ባለው የብረት ዘንግ የሚስተካከሉ ናቸው፤ ዘንጉ አሁንም የሚዞር መሆኑን ካላወቁ ግን በኃይል ከማዞር ይልቅ ባለሙያ እንዲያየው ያድርጉ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ክር ላይ እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ይምቱና የሚንጣጣውን ወይም የሚታፈነውን በወረቀት ይያዙ። የቮልዩምና የቶን ማዞሪያዎችን ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ ሸርሸር የሚል ድምፅ መኖር አለመኖሩን ያዳምጡ፤ ኬብሉን ጃኩ ላይ እንደተሰካ ቀስ አድርገው ያነቃንቁት።

ራሱ (መቃኛዎቹ ያሉበት ጫፍ) ወደ ኋላ ያዘነበለ ጊታር፣ የጊብሰን ሌስ ፖልን የመሰለ፣ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ራሱ ከአንገቱ በሚገናኝበት ቦታ ነው። መብራት በጎን እያበሩ ይህን ቦታ በጥንቃቄ ይዩት። አንድ ጊዜ ከመቃኛዎቹ ሥር ያለች፣ ፀጉር የምታህል መስመር የቀለም ጭረት መስላኝ ሳልጽፋት ቀረሁ። ገዢው ቤቴ መጥቶ ጊታሩን ከመሰካቱ በፊት ገለበጠና ጥፍሩን በመስመሯ ላይ አስኬደ፤ ጥፍሩ ያዝ ሲያደርገው ቀና ብሎ አየኝ። ስንጥቅ ነበረች። ሊያታልለኝ ነው ብሎ እንዳሰበ ፊቱ ላይ አነበብሁት፤ ከዚያ በኋላ ስለ መሣሪያው የተናገርሁት እውነት ሁሉ ዋጋ አልነበረውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥፍሬን ያላስኬድሁበት መስመር የለም።

ኪቦርድ ወይም ሲንተሳይዘር ሲሆን እያንዳንዱን ቁልፍ፣ 61 ይሁን 88፣ አንድ ጊዜ በቀስታ አንድ ጊዜ በኃይል ይምቱት፤ አንዱ ቁልፍ ሁልጊዜ የሚጮህ ወይም ሁልጊዜ የሚያንስ ከሆነ ከሥሩ ያለው መገናኛ ቆሽሿል ወይም አርጅቷል። የቆዩ መሣሪያዎች ደግሞ የየራሳቸው የታወቀ ሕመም አላቸው፣ የሚያውቅ ገዢም የሚጠይቀው ስለዚያ ነው። በ1983 የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 ድምፆቹን የሚይዘው በውስጡ ባለች ትንሽ ባትሪ ኃይል ነው፤ ባትሪዋ ስታልቅ የተቀመጡት ድምፆች ይጠፋሉ። በ1984 የወጣው የሮላንድ ጁኖ 106 በአንድ ጊዜ ስድስት ድምፅ የሚያወጣ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ 80017ኤ የሚባል ቺፕ አለው፤ እነዚህ ቺፖች በዕድሜ ብዛት በመበላሸታቸው ይታወቃሉ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ካለዎት አንዱን ቁልፍ ደጋግመው እየመቱ ከስድስቱ መካከል የሚጠፋ ወይም የሚንኮሻኮሽ ድምፅ መኖሩን ይስሙ፤ ቺፖቹ ተቀይረው ከሆነም የሠራውን ባለሙያ ደረሰኝ ያዘጋጁ።

የቱቦ አምፕሊፋየር (ድምፅን በሚሞቁ የብርጭቆ ቱቦዎች የሚያጎላ) ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አብርተው ሞቆ ሳለ ይፈትኑት፤ አንዳንድ ብልሽት የሚታየው ከሞቀ በኋላ ነው። ውስጡን ግን አይክፈቱ። ከኤሌክትሪክ ተነቅሎም ቢሆን በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፣ ይህም ሰው ይገድላል። መሣሪያው የሚሠራበት የኤሌክትሪክ መጠን 120 ቮልት ይሁን 230 ቮልት ከጀርባው ያንብቡና ይመዝግቡ፤ ከሌላ አገር የመጣ መሣሪያ ገዢው ቤት በተሰካበት ቅጽበት ተቃጥሎ ጠብ የሚነሣው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው።

ማይክሮፎን ላይ ትልቁ ጥርጣሬ የማስመሰል ነው። ከ1966 ጀምሮ የሚሠራው የሹር ኤስኤም 58 ተመሳስለው ከሚሠሩት ማይክሮፎኖች ግንባር ቀደም ስለሆነ፣ ገዢው «ትክክለኛው መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ቢልዎት አይቆጡ። የተገዛበት ደረሰኝ ካለ ያሳዩ፤ ከሌለ ማይክሮፎኑን ሚዛን ላይ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡለት፤ የትክክለኛው ክብደት 298 ግራም ነው። ክብደት ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም፣ ሳይጠየቁ ማሳየትዎ ራሱ ብዙ ይናገራል።

3ኛ፦ ያጽዱ፣ ትልቅ ጥገና ግን አይጀምሩ

አቧራ፣ የላብ እድፍና የዛገ ክር መሣሪያውን ከዕድሜው በላይ ያስረጁታል። ጊታሩን በለስላሳ ጨርቅ ያጽዱት፣ አዲስ ክር ይግጠሙለት። ሸርሸር የሚል ማዞሪያ አብዛኛውን ጊዜ ለኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ተብሎ በተሠራ ፈሳሽ ይድናል። ከዚህ ያለፈውን፣ ቀለም መቀባትን፣ ስንጥቅ ማጣበቅን፣ ፍሬት መሞረድን፣ ለገዢው ይተዉት፤ ለጥገና ያወጡት ገንዘብ በዋጋው ላይ ተመልሶ አይገኝም፣ የቆየ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀለም መንካት ዋጋውን ይገድለዋል። ያወለቋቸው ኦሪጅናል ክፍሎች፣ አሮጌ ፒክአፕም (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ሆነ የተነሣ ብሎን፣ ካሉ ፈልገው ያሰባስቧቸው።

4ኛ፦ ዋጋውን ከተሸጠው ይውሰዱ

በኢንተርኔት የሚያዩት ዋጋ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሻጮች የሚመኙት፣ ሌላው ገዢዎች የከፈሉት ነው። እንደ ኢቤይና ሪቨርብ ያሉ የሽያጭ ገጾች የተጠናቀቁ ሽያጮችን ለይተው ስለሚያሳዩ የሚነጻጸረው ከእነዚያ ጋር ነው። ለስምንት ወር ሳይሸጥ የተቀመጠ ጊታር ላይ የተጻፈ ዋጋ ማንም የማይከፍለው ዋጋ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግርዎት። ሲያነጻጽሩም ሞዴሉን፣ የተሠራበትን አገርና ዓመት፣ ያለበትን ሁኔታ፣ ከነማስቀመጫው መሆኑን አብረው ይዩ።

ለመሣሪያው ያደረጉለት ማሻሻያ በዋጋው ላይ የሚጨምረው ከሚያስቡት በጣም ያነሰ ነው። እርስዎ የወደዱትን ፒክአፕ ገዢው ላይወደው ይችላል። ከዚህ ይልቅ ኦሪጅናሉን መልሰው ገጥመው አዲሱን ለብቻው ቢሸጡ የተሻለ ያገኛሉ። የመጀመሪያ መድረክዎን የወጡበት መሆኑም ለእርስዎ ብቻ የሚመዘን ነገር ነው፤ ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የሽያጭ ገጹን ኮሚሽን፣ የክፍያ ማስተላለፊያውንና የመላኪያውን ወጪ ከቀነሱ በኋላ እጅዎ ላይ የሚቀረውን ያስሉ፤ ከዚያ ከዚህ በታች አልሸጥም የሚሉትን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ያስቀምጡ። ቁጥሩ መጻፉ የሚጠቅመው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደክሞዎት ሳለ ለሚመጣው ጨካኝ ድርድር ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጽፉት ዋጋ ከዚህ ጥቂት ከፍ ይበል፤ በጣም ከፍ ካለ ግን ቁም ነገረኛው ገዢ ሳይጠይቅ ያልፋል፣ የሚቀርቡዎት በግማሽ ዋጋ የሚጠይቁት ብቻ ይሆናሉ።

5ኛ፦ ፎቶግራፍና የድምፅ ቅጂ

በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ ያንሡ። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ራሱን፣ መለያ ቁጥሩን፣ መሰኪያዎቹን፣ አብረው የሚሰጡትን ዕቃዎች ያሳዩ። እያንዳንዱን ጉድለት ደግሞ ሁለት ጊዜ ያንሡት፤ አንዴ ከሩቅ የት እንዳለ እንዲታወቅ፣ አንዴ ከቅርብ ከሳንቲም ጋር አስጠግተው መጠኑ እንዲታይ። በአንዱ ፎቶ ላይ ስምዎና ቀኑ በእጅ የተጻፈበት ወረቀት መሣሪያው ላይ ተቀምጦ ይታይ፤ ይህ ዕቃው በእርግጥ እጅዎ ላይ መሆኑን ያሳያል፣ ሌላ ሰው ፎቶዎን ሰርቆ በስሙ እንዳይሸጥበትም ይከላከላል። ፎቶው የተነሣበትን ቦታ ስልኩ አብሮ እንዳይመዘግብ የቦታ ምልክቱን ያጥፉት።

የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ከአሥር ፎቶ ይበልጣል። ጥሩ ሙዚቃ መጫወት አይጠበቅብዎትም። ጊታሩን ይሰኩ፣ ፒክአፖቹን አንድ በአንድ ይቀያይሩ፣ ማዞሪያዎቹን ያዙሩ፣ ከታች እስከ ላይ ፍሬት በፍሬት ይሂዱ፤ ኪቦርድ ከሆነ ሁሉንም ቁልፎች በቅደም ተከተል ይምቱ። ሸርሸር የሚለውን ማዞሪያ አይቁረጡት፤ ይሰማ።

6ኛ፦ ማስታወቂያውን ይጻፉ

ለምርመራው የያዙት ወረቀት አሁን ወደ ጽሑፍ ይለወጣል። ጉድለቱን ከመጨረሻ ሳይሆን ከመካከል፣ በማይዘለል ቦታ፣ በግልጽ ቃል ያስቀምጡት። «መጠነኛ የአጠቃቀም ምልክቶች አሉት» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ አንዱ አንብቦ አንድ ጭረት፣ ሌላው የተሰበረ አንገት ይታየዋል። ምን ማለቴ እንደሆነ ይህ ምሳሌ ያሳያል፦

«ፌንደር ስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ሜክሲኮ የተሠራ፣ የ2012። ሁለተኛ ባለቤቱ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ተጫውቼበታለሁ። ሦስቱም ፒክአፖች ይሠራሉ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ የአንገቱ ዘንግ በሁለቱም አቅጣጫ ይዞራል። ጉድለት፦ የታችኛው ቀንድ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀለም ተነሥቷል (ፎቶ 7)። አንደኛው የቶን ማዞሪያ ሲዞር ሸርሸር ይላል (ቪዲዮው ላይ ይሰማል)። 2ኛውና 3ኛው ፍሬት በቀጭኑ ክር ሥር ጎድጉደዋል፤ አሁን አይንጣጣም፣ ወደፊት ግን ሥራ ይፈልጋል። መቃኛዎቹ ተቀይረዋል፣ ኦሪጅናሎቹ አብረው ይሰጣሉ። ለስላሳ ማስቀመጫ ቦርሳ አለው። በልዋጭ አልሰጥም። ዋጋ የምነጋገረው መሣሪያውን አይቶ ከሞከረው ሰው ጋር ነው። መጀመሪያ ቀብድ ለከፈለ ለሦስት ቀን አቆያለሁ።»

ጉድለትን እንዲህ መዘርዘር ገዢ ያሸሻል ብለው የሚፈሩ አሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ከሩቅ የሚሸሸው ገዢ በርክክብ ቀንም የሚሸሽ ነበር፣ ያውም የአንድ ቀን ጊዜዎን ከወሰደ በኋላ። የቀረው ደግሞ ጉድለቱን ከዋጋው ጋር አስቀድሞ አስታርቆ የሚመጣ ነው፤ ከእጅዎ ላይ እየገለባበጠ «ይሄስ ምንድን ነው?» የሚልበት ነገር አይኖረውም።

7ኛ፦ መልእክት ሲጎርፍ

«አለ?» ለሚለው «አለ» ብቻ ብለው ከመለሱ ኳሱ አሁንም እርስዎ ዘንድ ነው። «አለ፤ ለማየት የሚመችዎት መቼ ነው?» ይበሉ። ጥያቄው ሥራ የሚሰጠው ለገዢው ስለሆነ የምር ያልፈለገው እዚያው ይቀራል። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ለሚል «ዋጋው የተጻፈው ነው፤ አይተው ከወደዱት በአካል እንነጋገራለን» በቂ መልስ ነው። ባልታየ ዕቃ ላይ ዋጋ ከቀነሱ ያ ቁጥር የድርድሩ መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ይሆናል፤ ገዢው በር ላይ ሲደርስ እንደገና ከዚያ ላይ ይቀንሳል።

በግማሽ ዋጋ ለሚጠይቅ አንድ ጊዜ በትሕትና «አመሰግናለሁ፣ በዚህ አልሸጥም» ብለው ዝም ይበሉ። ለምን እንደሚያወጣ ማስረዳት ውስጥ አይግቡ። አንድ ሰው በአንድ ምሽት ከሠላሳ በላይ ጥያቄ ጠይቆኝ፣ የክሩን ውፍረት ሳይቀር በሚሊሜትር ለክቼለት፣ በመጨረሻ «ለነገሩ እኔ የምፈልገው ቤዝ ነው» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ከአምስት ጥያቄ በኋላ «ቀሪውን መሣሪያውን እያዩ ወይም በቪዲዮ ጥሪ ብንነጋገር ይሻላል» እላለሁ። ጥያቄ የሚያበዛ ሁሉ ጊዜ አባካኝ ነው ማለቴ አይደለም፤ ስለ ፍሬቱ መጎድጎድ ወይም ስለ ቺፑ መቀየር የሚጠይቅ ሰው ዕቃውን ያውቀዋል፣ ብዙውን ጊዜም የሚገዛው እሱ ነው።

ቀጠሮ ላይ መቅረትን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፣ ማሳነስ ግን ይቻላል። ቀጠሮውን ሰዓት ቆርጠው ይያዙ፣ በዕለቱ ከሁለት ሰዓት በፊት «እየመጡ ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ መልስ ካላገኙ ወደ ጉዳይዎ ይሂዱ። ቀኑን ለአንድ ሰው ብቻ ብለው ባዶ አያድርጉት። ቀብድ ሳይከፍል «ያዝልኝ» ለሚል ሰው አያስቀምጡ፤ ቀብድ ሲቀበሉም መጠኑን፣ እስከ መቼ እንደሚያቆዩለትና ገዢው ሐሳቡን ቢቀይር ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይስማሙ።

8ኛ፦ ገንዘቡ

ማታለያዎቹ ብዙ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ገንዘቡ ሳይደርስዎት ዕቃው ወይም ተጨማሪ ገንዘብ ከእጅዎ እንዲወጣ ማድረግ። አንዱ ከዋጋው በላይ ከፈልሁ ብሎ ትርፉን ለጫኝ እንዲልኩለት ይጠይቃል፤ በኋላ የመጀመሪያው ክፍያ ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል። ሌላው «ገንዘብ ገብቷል» የሚል የተቀናበረ ስክሪንሾት ወይም ኢሜይል ይልካል። ሌላው ደግሞ «እውነተኛ ሻጭ መሆንዎን ላረጋግጥ» ብሎ ስልክዎ ላይ የደረሰውን የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩን ከሰጡት በእርስዎ ስልክ ሌላ አካውንት ይከፍታል ወይም ያለዎትን ይነጥቃል። ዕቃውን ሳያይ፣ ሳይደራደር፣ ጉድለቱን ሳይጠይቅ፣ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ «ወኪሌ ይወስደዋል» የሚል ገዢ ሲመጣ እጅዎን ይሰብስቡ፤ ሙዚቀኛ እንዲህ አይገዛም።

ክፍያ መድረሱን የሚያረጋግጡት የባንክዎን ወይም የክፍያ አገልግሎትዎን መተግበሪያ ራስዎ ከፍተው እንጂ ገዢው በላከልዎት ማስፈንጠሪያ አይሁን። ገዢው ክፍያን የመከራከር መብት እንዳለውም ይወቁ፤ ለምሳሌ በፔይፓል ለዕቃ ግዢ የተከፈለ ገንዘብ ላይ ገዢው እስከ 180 ቀን ድረስ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ይህ ለሐቀኛ ገዢ ተገቢ ጥበቃ ነው፣ ለእርስዎ ደግሞ ማስረጃ የማስቀመጥ ግዴታ ነው። ክፍያውንና ንግግሩን ከሽያጭ ገጹ አውጥተን እንጨርስ የሚል ሐሳብ ሲቀርብልዎት ኮሚሽኑ ቢያማልልም ከገጹ ጋር ጥበቃውም እንደሚቀር ያስቡ።

9ኛ፦ በአካል ማስረከብ

ሰው የሚበዛበት፣ ኤሌክትሪክ መሰኪያ ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ የልምምድ ክፍል ወይም ካፌ፣ ከቤት ይመረጣል። አምፕሊፋየር ካለዎት ይዘው ይሂዱ፤ ገዢውን ያለ ችኮላ ያስሞክሩት፣ ሲጫወትም አያቋርጡት። ጉድለቶቹን እንደገና በጣትዎ ያሳዩት። በዚህ ጊዜ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ጭረት እያነሣ ዋጋ ሊቀንስ ቢሞክር «እሱ ዋጋው ውስጥ ገብቷል» ማለት ይችላሉ፣ ጽሑፉም ይመሰክርልዎታል። ያልጻፉት እውነተኛ ጉድለት ከተገኘ ግን ቀንሱልኝ ማለቱ ትክክል ነው፤ ይቀንሱለት። ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ ቀኑ፣ ዋጋው፣ መለያ ቁጥሩና «አይቼና ሞክሬ ተቀብያለሁ» የሚል ቃል ያለበት አጭር ወረቀት ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንድ አንድ ትያዙ።

10ኛ፦ ማሸግና መላክ

ሩቅ ላለ ገዢ ከመስማማትዎ በፊት የመላኪያውን ዋጋ በትክክል ይጠይቁ። ላኪ ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በክብደት ብቻ ሳይሆን በካርቶኑ መጠንም ነው፤ ብዙዎቹ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍሉታል። 120 በ45 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ የጊታር ካርቶን በዚህ ስሌት 21.6 ኪሎ ይሆናል፣ ጊታሩ ራሱ አራት ኪሎ ባይሞላም። ይህን ሳያውቁ «መላኪያው በእኔ» ያሉ ሻጮች ትርፋቸውን ለጭነት ከፍለዋል።

ጊታር ሲታሸግ ክሮቹን ጥቂት ያላሉ፣ ከክሮቹና ከፍሬቶቹ መካከል ወረቀት ያስገቡ። ዋናው ነገር ራሱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ነው፤ ከአንገቱ ሥርና ከራሱ ዙሪያ ስፖንጅ ወይም የተጠቀለለ ወረቀት ጠቅጥቀው ይደግፉት፣ በማስቀመጫው ውስጥም ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር አይተዉ። ከዚያ ማስቀመጫውን በካርቶን ውስጥ፣ በሁሉም በኩል ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ለስላሳ መሙያ እየከበበው፣ ያስቀምጡት። ሲጨርሱ ካርቶኑን አንሥተው ይነቅንቁት፤ ከውስጥ ድምፅ ከሰሙ ይክፈቱና እንደገና ይሙሉ። የፔዳል (በእግር የሚረገጥ የድምፅ መለወጫ) ባትሪ ይውጣ። የአምፕሊፋየር ቱቦዎች ሊነቀሉ የሚችሉ ከሆነ ቀዝቅዘው ሳለ ነቅለው፣ የየቦታቸውን ቁጥር ጽፈው፣ ለብቻ ያሽጉ። በእያንዳንዱ እርምጃ ፎቶ ያንሡ፣ መለያ ቁጥሩ እየታየ ካርቶኑ ሲዘጋም በቪዲዮ ይቅረጹ። የመድን ሽፋን በሙሉ ዋጋው ይግዙ።

ወደ ሌላ አገር የሚልኩ ከሆነ እንጨቱን ይወቁ። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በሳይቲስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ) ስምምነት ጥብቅ እገዳ ሥር ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ሌሎቹ የሮዝውድ ዝርያዎችም ቁጥጥር ሥር ገብተው ነበር፤ በ2019 መጨረሻ ግን ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚያ ነጻ ሆነዋል፣ የብራዚሉ ሲቀር። የዝሆን ጥርስ ያለበት አሮጌ ፒያኖ ወይም ጊታር ደግሞ ሳያጣሩ ፈጽሞ አይላኩ።

11ኛ፦ ከተላከ በኋላ

የመከታተያ ቁጥሩን ወዲያው ይላኩ፣ ከዚያም ገዢው እንደደረሰው ካርቶኑን ሲከፍት በቪዲዮ እንዲቀርጽ ይጠይቁት፤ በመንገድ ላይ ጉዳት ከደረሰ ለሁለታችሁም የሚጠቅመው እሱ ነው። ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት ቦታ የደረሰ መሣሪያ ማስቀመጫው ሳይከፈት ጥቂት ሰዓት ቢቆይ ቀለሙ ከመሰነጣጠቅ ይድናል፤ ይህንንም ይንገሩት።

ቅሬታ ቢመጣ መልስ ከመስጠትዎ በፊት የምርመራ ወረቀትዎንና ቪዲዮዎን ይመልከቱ። ገዢው ያነሣው ነገር ማስታወቂያው ላይ የተጻፈ ከሆነ ክፍሉን ጠቅሰው በአክብሮት ይመልሱ። ያልተጻፈና እውነተኛ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፤ ትንሽ ነገር ሲሆን ለጥገናው የሚበቃ ገንዘብ መመለስ ለሁለቱም ወገን ይቀላል፣ ትልቅ ሲሆን መሣሪያው ይመለስ። እየተመለሰ ያለ ዕቃ ሲደርስዎት ካርቶኑን እየቀረጹ ይክፈቱ፣ መለያ ቁጥሩን፣ ፒክአፖቹን፣ የጭረቶቹን ቦታ ከፎቶዎችዎ ጋር ያነጻጽሩ፤ የራሱን የተበላሸ ክፍል ገጥሞ የሚመልስ አለና። ገንዘቡን የሚመልሱት ይህን ካረጋገጡ በኋላ ነው።

ፎቶዎቹን፣ ቪዲዮዎቹን፣ ደረሰኞቹንና ንግግሩን የአቤቱታው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ በአንድ ማኅደር ውስጥ ያቆዩዋቸው። ጊዜው ሲያልፍ የገዢውን አድራሻና ስልክ ቁጥር ያጥፉ፤ የመሣሪያውን ፎቶና መለያ ቁጥሩን ግን ያስቀሯቸው፣ ከዓመታት በኋላ አዲሱ ባለቤት ተሰርቆበት ማስረጃ ፍለጋ ሊጽፍልዎት ይችላል።